መጀመሪያ በከሰል፣ ኋላ በጋለ ብረት

(በአቃቂ ቃሊቲ ለጎልማሶች ትምህርት ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንጫወተው ስለ አንድ የእጅ ሥራ ነው። ሥራው ቅልንና እንጨትን በጋለ ብረት እየተኮሱ ጌጥ ማውጣት ነው። ነገር ግን ስለ ብረቱ ብዙ አናወራም። የምናወራው ከብረቱ በፊት ስለሚመጣው ነገር ነው። እሱም ሥዕል መለማመድ ነው።

እኛ እዚሁ አቃቂ ቃሊቲ የምንኖር ገበሬዎችና የእንጨት ሠራተኞች ነን። አዋቂዎች ነን ብለን አልመጣንም። ከእናንተ የምንለየው ስሕተቱን ቀድመን በመሥራታችን ብቻ ነው።

አገራችንን ታውቋታላችሁ። ያለችው በአዲስ አበባ ደቡብ ጫፍ ነው። አፈሯ ጥቁር ነው፤ ክረምት ሲሆን ጫማ ያስወልቃል፣ በጋ ሲሆን ይሰነጠቃል። ጤፍ፣ ስንዴ፣ ሽምብራና ምስር ይዘራባታል። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ባቡር በአቃቂ በኩል ያልፍ ነበር። ከዚያ ፋብሪካው መጣ፤ ቤቱም በዛ። ዛሬ ከተማው ወደ እርሻው ገብቷል። ቱሉ ዲምቱን ያየ ሰው ይህን ያውቃል፤ ትናንት ይታረስ በነበረ መሬት ላይ ዛሬ ፎቅ ቆሟል። መሬት ሲጠብ ደግሞ እጅ ሌላ ሥራ መፈለጉ አይቀርም።

የእጅ ሥራ ሲባል አንዳንዱ ሰው አሁንም ፊቱን ያጨማድዳል። በድሮ ጊዜ ባለ እጅ «ቀጥቃጭ»፣ «ፋቂ» እየተባለ ይሰደብ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። እስቲ አስቡት፤ ማረሻውን የሠራው ማን ነው? እንስራውንስ? ስለዚህ በሥራው አንፈር። ማፈር የሚገባን በተበላሸ ሥራ ነው። እኛም አንድ ጊዜ ያፈርንበት ሥራ አለን። ከእሱ እንጀምር።

1. የተበላሸው ቅል

አንዲት እናት የወተት ቅል ይዘው መጡ። ቅሉን የወረሱት ከእናታቸው ነው። ለብዙ ዘመን በወይራ ስለታጠነ ውስጡ ጠቁሯል፤ ውጭው ግን እንደ ማር ቀልቶ ያበራል። የልጅ ልጃቸው ልትዳር ነበር። «ልጆቼ፣ ወገቡን ዙሪያውን ጌጥ አድርጉልኝና ለልጅቱ ልስጣት» አሉን።

እኛም ብረት ማጋል እናውቃለን። በጋለ ብረት እንጨት መብሳት ለገበሬ እንግዳ ነገር አይደለም። «ይኼማ ምን አላት!» ብለን ብረቱን ፍም ውስጥ ከተትን። ሐሳባችን ቅሉን ዙሪያውን እንደ መጋዝ ጥርስ ባለ ጌጥ ማስጌጥ ነበር። አልለካንም። አስቀድመን አልሣልንም። ዝም ብለን ከአንድ ቦታ ተነሣንና መተኮስ ጀመርን።

የመጀመሪያዎቹ ጥርሶች ደህና ነበሩ። እየዞርን ስንሄድ መስመሩ ወደ ታች ተንሸራተተ። ጥርሱም አንዱ ሰፊ፣ አንዱ ጠባብ ሆነ። ዞረን የጀመርንበት ቦታ ስንደርስ የመጨረሻዋ ጥርስ ቦታ አጥታ ግማሽ ሆና ቀረች። ለማስተካከል ደግመን ብንተኩስ ቦታው ጠቁሮ አረፈው።

እኚያ እናት መጡ። ቅሉን አገላብጠው አዩት። አልተቆጡም። ቢቆጡን ይሻለን ነበር። «እጃችሁ ገና ነው» አሉና በነጠላቸው ጠቅልለው ይዘውት ሄዱ።

ገንዘብ ቢሆን ይከፈላል። እህል ቢሆን ይሰፈራል። የእናት ቅል ግን ከየት ይገዛል?

2. ጥፋቱ የማን ነው?

በዚያን ቀን ማታ ተቀምጠን ተነጋገርን። አንዱ «ብረቱ ወፍራም ነው» አለ። ሌላው «እሳቱ በዝቷል» አለ። እውነቱን ለመናገር ብረቱም እሳቱም ምንም አላደረጉም። ጥፋቱ የእጃችንና የዓይናችን ነበር። ሰው ሳይለማመድ የሠራው ሥራ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው ነው።

እርሳስ በላጲስ ይጠፋል። የድሮ የብራና ጸሐፊዎችም ቢሳሳቱ ቀለሙን በስለት ይፍቁት ነበር። እንደዚያም ሆኖ በዘፈቀደ አይጽፉም። አስቀድመው ብራናውን በወስፌ እየጫሩ መስመር ያወጡለታል። የመቃ ብዕራቸውን ቀለም ውስጥ የሚነክሩት ከዚያ በኋላ ነው። እንግዲህ ሊፋቅ የሚችል ቀለም ይህን ያህል ጥንቃቄ ከፈለገ፣ የማይጠፋ እሳት ምን ያህል ጥንቃቄ ሊፈልግ ነው? እሳት የነካው እንጨት ተመልሶ ነጭ አይሆንም። ጥቂት ቢፋቅ እንኳ ጠባሳው ይቀራል።

ስለዚህ ስሕተቱን ሁሉ በከሰል ሠርተን መጨረስ አለብን። በከሰል መቶ ጊዜ ብንሳሳት ኪሳራ የለውም።

3. እጃችሁ ሥዕል ጀምሯል

«እኔ እኮ መሣል አልችልም፤ እጄ ደርቋል፤ ይኼ የልጅ ሥራ ነው» የምትሉ ትኖራላችሁ። እስቲ አንድ ነገር እንጠይቃችሁ። ፊደል የጀመራችሁ ዕለት ምን ብላችሁ ነበር? ይህንኑ አላላችሁም እንዴ?

ከመካከላችን ሽማግሌዎቹ ፊደል የቆጠሩት ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ያ ዘመቻ ከጊዜ በኋላ በ15 ቋንቋዎች አስተምሯል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980 ዓለም አቀፍ የንባብ ትምህርት ሽልማት ተሸልሟል። ሽማግሌዎቻችን ሲያወሩ «ሞፈር የያዘ እጅ እርሳስ ሲይዝ እርሳሱ ይሰበር ነበር» ይላሉ። ዛሬ ግን ስማቸውን ይፈርማሉ፤ ደብዳቤ ያነባሉ። ያ እጅ የተገራው በአንድ ቀን አይደለም። በየቀኑ በመጻፍ ነው።

ደግሞም ፊደል ራሱ ሥዕል ነው። ልብ ብላችሁ እዩት። «ዐ» ክብ ናት። «ተ» መስቀል ናት። «ሀ» አፉን ወደ ላይ የከፈተ ዋንጫ ይመስላል። «ለ» ደግሞ የጎጆ ጣራ ይመስላል። «ለ»ን ጎን ለጎን አያይዛችሁ ብትደረድሩ ምን ይሆናል? እኛ ያበላሸነው የመጋዝ ጥርስ ይሆናል! «ዐ»ን ብትደረድሩ የዶቃ ጌጥ ይሆናል። እንግዲህ ፊደል የጻፈ ሰው የጌጥ ሥራን ግማሽ መንገድ ሄዷል።

4. በየቀኑ ሩብ ሰዓት

ከዚያ ጥፋት በኋላ በመካከላችን አንድ ደንብ አወጣን። ከሥራ ከተመለስን በኋላ እራት እስኪደርስ ድረስ ሩብ ሰዓት እንሥላለን። ሩብ ሰዓት ብቻ። በሳምንት አንድ ቀን ብዙ ሰዓት ከመቀመጥ በየቀኑ ጥቂት መለማመድ ይሻላል። ላም በየቀኑ ትታለባለች እንጂ የሳምንቱ ወተት በአንድ ቀን አይታለብም።

ወጪ የለውም። ከሰል ከምድጃ ይገኛል። ካርቶን ከሱቅ ይገኛል። እሱም ከጠፋ ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም የመሬት አቧራ ይበቃል። የተለማመድነው እንዲህ ነው፦

በመጀመሪያው ሳምንት ቀጥ ያለ መስመር ብቻ ሣልን። መስመር ከጣት ብቻ ከወጣ ይንቀጠቀጣል፤ ከክንድ ሲወጣ ግን ይቀናል። ዓይንም ከሰሉ ጫፍ ላይ መተከል የለበትም። ገበሬ ትልም ሲያወጣ የሚያየው ወዴት ነው? ማረሻው ጫፍ ላይ ብቻ ካፈጠጠ ትልሙ ይጣመማል። ወደ ማሳው ማዶ ሲያይ ግን ትልሙ ይቀናል። መስመርም እንዲሁ ነው። መጀመሪያ ነጥብና መጨረሻ ነጥብ አድርጉ፤ ዓይናችሁን መጨረሻዋ ነጥብ ላይ ጥላችሁ እጃችሁን ልቀቁት።

በሁለተኛው ሳምንት ክብና ጎባጣ መስመር ሣልን። «ዐ»ን ትልቅ፣ መካከለኛ፣ ትንሽ እያደረግን ደጋገምናት። በአንድ እስትንፋስ ሳይነሡ መዝጋት ያስፈልጋል። በመጀመሪያ እንቁላል ትመስላለች። ግድ የለም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ!

በሦስተኛው ሳምንት አንድን ነገር እኩል እኩል መደርደር ተለማመድን። አሥር ጥርስ፣ ሃያ ጥርስ፣ ሁሉም እኩል ቁመት፣ እኩል ስፋት። ይህ አሰልቺ ነው። ስፌት የምትሰፋ እናት ግን ታውቀዋለች። ስንደዶውን ቆጥራ ካልሰፋች የሞሰቡ ጌጥ አይገጥምም። ባለሙያ ሴቶቻችን እዚህ ላይ አስተማሪዎቻችን ናቸው።

በአራተኛው ሳምንት ከጠፍጣፋ ነገር ወደ ክብ ነገር ተሻገርን። በተሰነጠቀ ቅልና በአሮጌ ማሰሮ ላይ በከሰል ሣልን። እዚህ ላይ የተማርነው ብልሃት ትልቅ ጥቅም ሰጥቶናል። ሲባጎ ወስዳችሁ የቅሉን ወገብ ዙሩበት፤ ዙሪያው የሚያልቅበት ላይ ቁረጡት። ሲባጎውን ለሁለት እጠፉት፣ እንደገና ለሁለት እጠፉት፣ አሁንም ለሁለት እጠፉት። ስምንት እኩል ክፍል ይሆናል። እጥፋቱ ላይ በከሰል ምልክት አድርጉና ሲባጎውን መልሳችሁ ቅሉ ላይ ዙሩት። ምልክቶቹን ወደ ቅሉ አስተላልፉ። ከዚህ በኋላ በየክፍሉ ሁለት ሁለት ጥርስ ብታደርጉ ዐሥራ ስድስት ጥርስ ይሆናል፤ የመጨረሻዋም ከመጀመሪያዋ ጋር ትገናኛለች። አያችሁ? የእናት ቅል የተበላሸው አንድ ክንድ ሲባጎ በመቆጠብ ነው!

አንድ ነገር እንጨምር። በሣላችሁበት ካርቶን ጀርባ ቀኑን ጻፉ። ካርቶኑን አትጣሉት። ከሁለት ወር በኋላ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ጎን ለጎን አስቀምጡ። ሰው በየቀኑ ሲያድግ ራሱን አያይም፤ የተጻፈ ቀን ግን አይዋሽም። መጻፍ መማራችሁ ለዚህም ይጠቅማል።

5. ማየት መማር

የጌጥ መስመር ሲሰለጥን ሰው የሚያየውን ነገር መሣል ያምረዋል። በሬ፣ ጀበና፣ የጤፍ ዘለላ፣ የቡና ቅጠል። እኛም በሬ ለመሣል ተነሣን። ዕድሜ ልካችንን ከበሬ ኋላ የሄድን ሰዎች ነን። ታዲያ የሣልነው በሬ አራት እግር ያለው አግዳሚ ወንበር ሆነ! ልጆች ሳቁብን።

ለምን እንዲህ ሆነ? የሣልነው የምናውቀውን እንጂ የምናየውን ስላልነበረ ነው። በሬ አራት እግር እንዳለው እናውቃለን፤ ስለዚህ አራቱን በተርታ ተከልን። ከጎን ሆኖ የሚያይ ሰው ግን አንዱ እግር ሌላውን ሲጋርደው ያያል። ጀበናም እንዲሁ ነው። አፉ ክብ መሆኑን እናውቃለን። ከጎን ስናየው ግን ክቡ ጠፍጥፎ እንደ እንቁላል ይታያል። እንደ ሙሉ ክብ የሣለው ሰው ጀበናው ሊወድቅ ያዘመመ ያስመስለዋል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ከመሣል በፊት ቁጭ ብሎ ማየት። በሬው ሲያመሰኳ አጠገቡ ተቀመጡ። ራሱ በአካሉ ውስጥ ስንት ጊዜ ይገባል? ሻኛው ከየት ተነሥቶ የት ያልቃል? በእግሮቹ መካከል ያለው ባዶ ቦታ ምን ይመስላል? ያን ባዶ ቦታ በትክክል የሣለ ሰው እግሮቹንም በትክክል ሣለ ማለት ነው።

ታላላቆቹ ሠዓሊዎችም የሚጀምሩት ከዚሁ ነው። አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አቋቁመዋል። ትምህርት ቤቱ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። እንዲህ ባለ ትምህርት ቤት ተማሪ ወደ ቀለም ከመሄዱ በፊት በእርሳስና በከሰል እያየ መሣልን ይለማመዳል። ትምህርት ቤት የገባ ሰው ይህን ካልዘለለ እኛ እንዴት እንዘለዋለን?

6. ወደ ብረቱ ስንመጣ

እጅ ሲሰለጥን ብረቱን እናነሣለን። ያን ጊዜም ቢሆን መጀመሪያ በቁራጭ እንጨት ላይ ነው። ሦስት ወይም አራት ብረት አዘጋጁ፤ ሚስማር ቢሆን ወይም ወስፌ፣ ሁሉም የእንጨት እጀታ ይኑራቸው። አንዱ ሲሠራ ሌሎቹ ፍም ውስጥ ይቆያሉ፤ ምክንያቱም ቀጭን ብረት ቶሎ ይበርዳል።

ከፍም የወጣውን ብረት በቀጥታ ወደ ሥራው አታምጡት። በቁራጭ እንጨት ላይ ፈትኑት። እንጨቱ ከነደደ ግለቱ በዝቷል፤ ጥቂት ጠብቁ። ቡናማ መስመር ካወጣ ደህና ነው። ብረቱ ፈጥኖ ሲያልፍ መስመሩ ይሳሳል፤ ሲዘገይ ይጠቁራል፤ ሲቆም ጉድጓድ ይሆናል። ስለዚህ ቡናማና ጥቁር የሚወጣው ከእጅ ፍጥነት ነው። በከሰል የተለማመድነው ያ የማይቋረጥ እጅ እዚህ ላይ ዋጋውን ይከፍላል።

እንጨት ውስጡ መስመር አለው፤ አንዱ መስመር ለስላሳ፣ ሌላው ጠንካራ ነው። ብረት ለስላሳው ላይ ሲደርስ ይሰምጣል፣ ጠንካራው ላይ ሲደርስ ይንሸራተታል። ዋንዛ ለጀማሪ ይመቻል። ወይራ ጠንካራ ስለሆነ ትዕግሥት ይፈልጋል። በደብተራችሁ ላይ የእንጨቱን ስምና ያያችሁትን ጻፉ፤ ለሚቀጥለው ጊዜ መምህር ይሆናችኋል።

ጥንቃቄውን አትርሱ። ሥራው ደጅ ወይም ነፋስ በሚገባበት ቦታ ይሁን። በተዘጋ ቤት የሚጤስ ከሰል ሽታ ባይኖረውም ሰው ይገድላል። ቀለም የተቀባ ወይም በማጣበቂያ የተሠራ ጣውላ አትተኩሱ፤ ጭሱ ይጎዳል። ባልዲ ውኃ አጠገባችሁ አኑሩ። ልጆችን አርቁ። ብረት ካቃጠላችሁ ቁስሉን በንጹሕ ወራጅ ውኃ ለሃያ ደቂቃ ያህል አቀዝቅዙ። ቅቤ፣ ሊጥ ወይም የጥርስ ሳሙና አትቀቡ። ቃጠሎው ሰፊ ከሆነ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

7. ይህ ሥራ የእኛ ብቻ አይደለም

በአገራችን በደቡብ ኦሞ፣ ሐመርና በና ሕዝቦች ዘንድ በቅል ላይ የሚወጣ ጌጥ የታወቀ ነው። በሰሜን ምሥራቅ ናይጄሪያ ቅል በጋለ ብረት የሚተኩሱት በተለይ ሴቶች ናቸው። ከዚህም ርቆ በደቡብ አሜሪካ፣ ፔሩ በሚባል አገር፣ ሁዋካ ፕሪዬታ በተባለ ቦታ ከአራት ሺሕ ዓመት በላይ የሆናቸው በእሳት የተጌጡ ቅሎች ከመሬት ውስጥ ወጥተዋል። ሠሪዎቻቸው ስማቸው አልቀረም። የእጃቸው መስመር ግን እስከ ዛሬ አለ። እሳት የጻፈው አይጠፋም ስንል እንዲህ ነው፤ ያማረውም አይጠፋም፣ የተበላሸውም አይጠፋም።

8. መደምደሚያ

አሁን ወደዚያ ቅል እንመለስ። በዓመቱ አንድ ሌላ ቅል አደረቅን። በሲባጎ ለካን፤ በከሰል ሣልን፤ ሦስት ጊዜ አጥፍተን ደግመን ሣልን፤ ከዚያ ተኮስን። ወደ እኚያ እናት ቤት ይዘነው ሄድን። ቡና ተፈልቶ ነበር። ቅሉን ተቀብለው ጣታቸውን በጌጡ ላይ ዙሪያውን አዞሩት። መጀመሪያውና መጨረሻው የሚገናኝበትን ቦታ ፈለጉ፤ አጡት። «የቱ ጋ ነው የጀመራችሁት?» አሉን።

ከዚህ የሚበልጥ ምስጋና ሰምተን አናውቅም።

የመጀመሪያው ቅል ግን ያው እንደተበላሸ ነው። ልጅቱ ቤት ተሰቅሏል፤ ወተት ይናጥበታል። ስናየው ዛሬም አንገታችንን እንደፋለን፤ ቤታችን ስንመለስ ከሰሉን እናነሣለን።

እናንተም ዛሬ ማታ እራት እስኪደርስ ድረስ አንድ ከሰል አንሡ። አንድ መስመር አስምሩ። ነገም ድገሙት።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. የእናት ቅል የተበላሸው ለምንድን ነው? ሠራተኞቹ አስቀድመው ምን ማድረግ ይገባቸው ነበር?
2. የቅልን ወገብ በሲባጎ ለስምንት እኩል መክፈል የሚቻለው እንዴት ነው? በቤታችሁ ባለ ዕቃ ላይ ሞክሩት።
3. «የምናውቀውን» መሣልና «የምናየውን» መሣል ልዩነታቸው ምንድን ነው?
4. በአካባቢያችሁ በየቀኑ በመለማመድ የሚገኝ ሌላ የእጅ ሙያ ምን አለ? ተነጋገሩበትና አምስት መስመር ጻፉ።